«ታሪክዎን ይጻፉ» ከማለት በፊት ወንበር ይደርደር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ» የምትለዋ አባባል ሳትነሳ የሚያልፍ የአረጋውያን ቀንም ሆነ የመጽሐፍ ምረቃ የለም። ተጋባዡ ደራሲ ይናገራል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይቀርባል፣ አባቶችና እናቶች አንዲት መስመር ሳይጽፉ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ማበረታቻውስ ሞልቷል። የጠፋው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበር ደርድሮ፣ ወረቀት አድሎ፣ «ጻፉ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው።

ደብዳቤዬ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳና በመሳሰሉት መንደሮች የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ሥልጠና ለመጀመር ለሚያስቡ መምህራን፣ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና የዕድር ዳኞች ነው። ዳርቻውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እዚህ በአንድ ደረጃ ከሚወጡና ከሚወርዱት ጎረቤታሞች መካከል የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት የመጣ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሠፈሩ ሲፈርስ የመጣ አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሕንፃው የቆመበትን መሬት ሲያርስ የኖረ ገበሬ አለ። የሦስቱም የድሮ ግቢ ወይም ማሳ ዛሬ ሄደው የሚያዩት አይደለም። ያለው በጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው።

አዳራሽ ፍለጋ አትድከሙ። መንደሩ ውስጥ ኮሚናሉ፣ ማለትም የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት፣ አለ፣ ዕድሩም ወንበርና ጠረጴዛ አያጣም። ኮሚናሉ እርድና ድግስ የሚሠናዳበት ስለሆነ ግን የቀኑን ነገር ከዕድሩ ጸሐፊ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ለቅሶ ከመጣ ቦታው የለቅሶ ነው፤ ክርክር የለውም። ስለዚህ ተለዋጭ ቦታ ይኑራችሁ። የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ክፍል ብትወስዱ የሕፃናቱ ዴስክ ጉልበት አያስገባምና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል፤ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴና የዕድር ስብሰባ አለ። ከ8 ሰዓት እስከ 10፡30 በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የታክሲው ሰልፍ የተማረውን ሁሉ ያስረሳል። ወቅቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ገና ይሁን፤ ስምንት ቅዳሜ በደህና ይገባበታል። ክረምት አይሞከርም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንኳ አንባቢውን አይሰማም፤ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው ጭቃም ምርኩዝ ለያዘ ሰው አይሆንም። ረመዳንም ለዚህ ሥራ አይመችም፤ እስከ መግሪብ ምግብ የማይቀምስ ሰው ከቀትር በኋላ ብዕር ይከብደዋል።

ተሳታፊው ከአሥር አይብለጥ። ይህን የምለው በሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ቤቱ የጻፈውን አምስት ደቂቃ ያነባል፣ አምስት ደቂቃ አስተያየት ይሰማል፤ ለአሥር ሰው 100 ደቂቃ ነው። መክፈቻው 15፣ እዚያው ቁጭ ብሎ መጻፉ 20፣ ቡናው 15 ደቂቃ ሲጨመር ሁለት ሰዓት ተኩሉ አለቀ። አሥራ አምስት ሰው ከተቀበላችሁ ንባቡ ብቻውን 150 ደቂቃ ይፈጃል። ሳይደርሳቸው የሚቀሩት ሁልጊዜ ዝምተኞቹ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ካልደረሳቸው በሦስተኛው አይመጡም። መመዝገቢያው ላይ ሠላሳ ስም ቢኖር ሦስት ቡድን ይደራጅ እንጂ አንድ ትልቅ ጉባኤ አይሁን።

ደብተር አትግዙ፤ ባለ መስመር ሉክ ይሻላል። ደብተር የያዘ ሰው ገጽ ማበላሸት ይፈራል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈው ካላማረው ደብተሩን ይደብቀዋል። ሉክ ይቀደዳል፣ ይለዋወጣል፣ ቅደም ተከተሉ ይስተካከላል። በአንድ ወገን ብቻ፣ አንድ መስመር እየዘለሉ ይጻፍ፤ የተዘለለው መስመር ኋላ ትዝ ለሚል ነገር ነው። እንዲህ የተጻፈ ሁለት ገጽ ቀስ ተብሎ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ግድም ይወስዳል። ሁለት ሦስት የንባብ መነጽር፣ ቁጥራቸው +2፣ +2.5 እና +3 የሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። «መነጽሬን ረሳሁ» የሚለው ምክንያት ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ የፍርሃት ነው፤ መነጽሩ ካለ ሁለቱም ይወገዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። «ስለ ሕይወትዎ ይጻፉ» ብላችሁ ወረቀት ካደላችሁ የሚመጣላችሁ ይህ ነው፦ «ከአባቴ ከአቶ እገሌና ከእናቴ ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር በመርሐቤቴ አውራጃ ተወለድኩ። ዕድሜዬ ለትምህርት እንደደረሰ...» ይህ በቀብር ላይ የሚነበበው አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። አብዛኞቻችን በጆሯችን ስንሰማው የኖርነው የሕይወት ታሪክ ያ ብቻ ስለሆነ ብዕር ስንይዝ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ትውልድ፣ ትምህርት፣ የሥራ መደቦች፣ የልጆች ብዛት፣ «ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ»። ሐሰት የለበትም፤ ሰውዬው ግን የለበትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአንድ ገጽ ሕይወት ተጠቃሎ ማለቁ ነው። ጸሐፊው የራሱን ቀብር አንብቦ ጨርሷልና በሁለተኛው ቅዳሜ የሚጽፈው ያጣል። ከሥልጠናው ከሚቀሩት ብዙዎቹ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። አስተባባሪው ግን «ትጋት የላቸውም» ብሎ ይደመድማል።

መድኃኒቱ በመጀመሪያው ቀን «ተወለድኩ» የሚለውን ቃል መከልከልና በጽሑፍ ፋንታ በሥዕል መጀመር ነው። መስመር የሌለው ወረቀት ይታደል። ለአሥር ደቂቃ ያህል እያንዳንዱ ያደገበትን ወይም ትዳር የያዘበትን ግቢ ከላይ እንደሚታይ አድርጎ ይሣል፦ የውጭው በር፣ ቧንቧው፣ የጋራው ሽንት ቤት፣ ኩሽናው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ዛፍ ካለ ዛፉ። በየክፍሉ ማን ማን ይኖር እንደነበር ስም ይጻፍበት። ገበሬው ማሳውን፣ አውድማውን፣ ምንጩን፣ ከብቶቹ የሚወርዱበትን መንገድና ከጎረቤት የሚያዋስነውን ድንበር ይሣል። «ሥዕል አልችልም» የሚል ይኖራል፤ አራት ማዕዘንና መስመር ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ አንድ ነገር የተፈጸመበት አንድ ቦታ ላይ የኤክስ ምልክት ያድርግ። ለሃያ ደቂቃም እዚያ ቦታ ላይ በአንድ ቀን የሆነውን ብቻ ይጻፍ። ቧንቧው አጠገብ ኤክስ ያደረገች እናት ስለ ወረፋው፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ ተጣሉት ጎረቤቶች ትጽፋለች እንጂ የክፍለ ሀገር ስም አትፈልግም። ሥዕሉን ሰብስባችሁ አስቀምጡት፤ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ርዕስ ሲጠፋ ተመልሶ የሚወጣው እሱ ነው። የፈረሱት ሠፈሮች ግቢ በግቢ ማን ይኖርባቸው እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ደግሞ በራሱ ሰነድ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት «እናደርግ ነበር» ነው። «ድሮ ቡና ተጠራርተን እንጠጣ ነበር፣ እንተዛዘን ነበር፣ ፍቅር ነበር።» ይህ ስለ ዘመን የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ አድማጩ የሚያየው ነገር የለም። አስተባባሪው «አንዱን ቀን ይንገሩኝ» ይበል። ቀኑ ሲመጣ ግሡ ራሱ ይለወጣል፤ «እንጠጣ ነበር» ይቀርና «ጠራችኝ፣ ሄድኩ፣ ስኒው ተሰበረ» ይሆናል። ሌላ ሰዋስው ማስተማር አያስፈልግም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ ዕቃና ሥራ ይነሣ፦ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍና የኩፖን ደብተሩ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ምን እንደተገዛበት፣ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጡበት አውቶቡስ። እናቶች «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ብለው የባለቤታቸውን ሹመት መተረክ ሲጀምሩ ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው። ጋኑን በምን ያጥኑት ነበር? ጌሾው ከየት ይመጣ ነበር? አንድ ቁና ጤፍ ስንት እንጀራ ይወጣው ነበር? ማን በዱቤ ወስዶ ሳይከፍል ቀረ? በመጨረሻዋ ጥያቄ ያልተናገረች እናት ትኖራለች ብዬ አልገምትም። አራተኛውና አምስተኛው ቅዳሜ ከባዶቹ ናቸው። ልጅነት አልቆ ጋብቻ፣ እስር፣ ጦርነት፣ ገንዘብና ቅያሜ ይመጣል፤ ከሁለተኛው ቅዳሜ ቀጥሎ የሚቀረው ሰው የሚበዛው እነዚያ ሁለት ሳምንታት ላይ ነው። በሳምንቱ መካከል ስልክ መደወል የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው የተጻፈውን መድገሚያ ይሁኑ፤ ስምንተኛው ቤተሰብ ተጋብዞ የሚነበብበት።

አስተያየት አሰጣጥ ላይ ጥብቅ ሁኑ። አድማጭ ሁለት ነገር ብቻ ይበል፦ «እዚህ ጋ ታየኝ» እና «እዚህ ጋ ልጠይቅ»። ምክር የለም፣ «እኔ ብሆን» የለም፣ «እጅግ በጣም ግሩም ነው» ብሎ ማጨብጨብም የለም። ጭብጨባ ለጸሐፊው የትኛው መስመር እንደሠራ አይነግረውም። አስተያየት ከታናሽ ይጀመር። ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው «አባ እንዳሉት» ብሎ ያልፋል። የታሪክ ሙግት ደግሞ ቶሎ ይቆረጥ። አንዱ ስለ ሰልፉ ሲያነብ ሌላው «እሱ እንኳ በ68 ነው» ካለ ሃያ ደቂቃ ሄደች ማለት ነው። ግድግዳው ላይ «ይጣራ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ፤ ክርክሩ እዚያ ይጻፍና ንባቡ ይቀጥል። የ«ሰ»ና የ«ሠ»፣ የ«ሀ»ና የ«ሐ» ነገርም እንዲሁ። የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶች ይህን ማለፍ ያንገበግባቸዋል፤ እውነት አላቸው፣ ግን ለትየባው ቀን ይቆይ።

«ይጣራ» የተባለው እንዴት ይጣራል? በአንድ ገጽ የዘመን መስመር አዘጋጁ፦ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967፣ የብር ለውጥ 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 1971፣ ድርቁ 1977፣ ግንቦት 20 ቀን 1983፣ እንደገና የብር ለውጥ 1990፣ ሚሊኒየሙ 2000፣ ሌላው የብር ለውጥ 2013። የብር ለውጡን አትናቁት፤ የፖለቲካውን ቀን የረሳ ሰው ብሩን የቀየረበትን ሰልፍ አይረሳም። ዓመቱን ረስቶ ወንጌላዊውን የሚያስታውስ ደግሞ ብዙ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። አንዲት እናት «ልጄን የወለድኩት ከአብዮቱ በኋላ፣ ከድርቁ በፊት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በኅዳር ሚካኤል ነው» ካሉ ዓመቱ 1968፣ 1972 ወይም 1976 ነው፤ ቀኑ ኅዳር 12። «ያኔ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ 1968 ይሰረዛል ወይም ብቻውን ይቆማል። ለሙስሊም ተሳታፊዎች ረመዳን ያግዛል። በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሳብ ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1970 ዓ.ም. የነሐሴን ወር ይዞ ነበር፤ ነሐሴን እንደገና የያዘው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። «ዝናብ እየዘነበ እናፈጥር ነበር» ያለ ሰው ከሁለቱ የትኛው ዘመን እንደሆነ በዕድሜው ይለያል። የቀረውን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው አዲስ ዘመን የድሮ ቅጾች ላይ ማመሳከር ይቻላል።

የማይጽፍ ሰው ከሥልጠናው አይቀርም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጎኑ ይቀመጥና ይጻፍለት፤ የልጅ ልጅ ባይሆን ይመረጣል። አያት ለልጅ ልጁ ተግሣጽ እንጂ ታሪክ አይነግርም። በስልክ መቅዳት ካስፈለገ ስልኩ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ጥሪ ሲመጣ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። የታጠፈ ጨርቅ ላይ፣ ከተናጋሪው በክንድ ርቀት ይቀመጥ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የክርን ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ሙቀጫና ስኒ እየተንኳኳ አይቀዳም፤ ቡናው ከቅጂው በኋላ ይፈላ። ከሃያ ደቂቃ አታስበልጡ፤ የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ሳይገለበጥ የቀረ ቅጂ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ገልባጩ የተናጋሪውን አነጋገር አያሳምር። ጨርሶ መልሶ ያንብብለት፤ «እንዲህ አላልኩም» የሚለው እዚያ ላይ ይወጣል።

አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው በአፋን ኦሮሞ ይጻፉ። ቁቤ በትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የተማሩት ቋንቋውን እየተናገሩ ፊደሉን ላያነቡ ይችላሉ፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፉትና ወጣቶቹ ኋላ ወደ ቁቤ ይገልብጡት። በአማርኛ ካልሆነ የሚል አስተባባሪ የዳርቻውን ታሪክ ግማሽ በር ላይ መለሰ።

ስለ ከባድ ነገሮች ጥቂት ልበል። ቀይ ሽብር፣ ግንባር የቀረ ወንድም፣ የተቀበረ ሕፃን መምጣታቸው አይቀርም። አስተባባሪው ሐኪም አይደለም። ማንም «ዛሬ አላነብም» ሊል ይችላል፣ ምክንያትም አይጠየቅም። የሚያነቡትን ቅደም ተከተል ቀድማችሁ ጠይቁና ከባዱን መካከል ላይ አድርጉት፤ በመጨረሻ ከተነበበ ሁሉም ያንን ተሸክሞ ታክሲ ይይዛል። በማግሥቱ ይደወል። እንቅልፍ ያጣ ወይም የተጨነቀ ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል አብሮት የሚሄድ ሰው ይፈለግ።

ሕጉንም ማወቅ ይበጃል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2044 በሕይወት ያለን ሰው በጽሑፍ የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ ሰው ተጠያቂ ነው፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይወጣም። ስለዚህ ረቂቁ እውነተኛ ስም ይያዝ፣ የሚታተመው ግን ተለይቶ ይታይ። ቅሬታ ያለበት ጎረቤት በሥራው ወይም በበሩ ቁጥር ሊጠራ ይችላል። ጽሑፉ የጸሐፊው ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ያለ ምዝገባ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ይጠበቃል፤ ጸሐፊው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የሰው ወረቀት ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ አስተባባሪ ካለ ከሥልጠናው ይውጣ፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ለትየባ ኮፒ ቤት ስትሄዱ «በዩኒኮድ ይተየብ» ብላችሁ እዘዙ። በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያዎች የተተየበ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበጣጥሶ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ውጭ ያለው ልጅ የሚደርሰውም ያ ነው። ኤ4 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ አንዱ አራት ገጽ ይሆናል፤ ስለዚህ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል ይሁን። አሥር ወረቀት 40 ገጽ ያወጣል፤ አሥሩ ተሳታፊዎች አራት አራት ገጽ ይደርሳቸዋል። ፊደሉ ከ12 አይነስ፣ አንባቢዎቹ እኩዮቻቸው ናቸውና። አንድ ቅጂ ለወረዳው ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ስድስት ኪሎ ላለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እንዲቀበሏችሁ ጠይቁ።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየሳምንቱ ከ300 ቃላት የማይበልጥ፣ የአንድን ቀን ነገር ብቻ የሚተርክ የአንባቢ ጽሑፍ የሚወጣበት ጠባብ አምድ ብትከፍቱ ሥልጠናዎቹ የሚጽፉለት ቦታ ያገኛሉ። በእጅ የተጻፈም ተቀበሉ፤ በ«ተወለድኩ» የሚጀምረውን መልሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከቱሉ ዲምቱ፣ የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ሥልጠና አስተባባሪ